አናሲሞስ ነሲብ፤ ደቀ መዝሙርም መምህርም የሆነ ሰው

አንድ ሰው ወንጌልን ሰምቶ ቢያምን፣ ቢጠመቅም፣ ከዚያም ወዲያ በየሰንበቱ እየመጣ ስብከት ሰምቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ፤ ነገር ግን በማኅበሩ መካከል ስሙን የሚያውቅ፣ ሲሳሳት የሚገሥጸው፣ ሲያዝን የሚያጽናናው፣ ያላወቀውንም የሚያስተምረው ሰው ባይኖረው፤ ያ ሰው በቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሆኖ ይኖራል እንጂ ደቀ መዝሙር ሆነ ለማለት አይቻልም። ደቀ መዝሙር መሆን ትምህርት ከመስማት የሚበልጥ ነገር ነው። በአገራችን የቆየውን የቆሎ ተማሪ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። የቆሎ ተማሪ አባት እናቱን ትቶ፣ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ መምህሩ ደጅ ይሄዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር በጎጆ ያድራል፤ ከእርሱ አስቀድሞ የገባው ተማሪ ያስጠናዋል፤ እርሱም በተራው ከኋላው የመጣውን ያስጠናል። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ትዕግሥትን ግን ከመምህሩ ኑሮ ይማራል።

በከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሱቅ ገብቶ ንግድ የሚማር ልጅ፤ ንግድን ከመጽሐፍ አንብቦ አይለምደውም፤ ከባለሱቁ አጠገብ ቆሞ፣ ዕቃ ሲያወርድና ሲሰቅል፣ ዋጋ ሲጠራና ሲቈረጥ እየሰማ፣ መልስ ሲያሳስት እየታረመ ይለምደዋል እንጂ። ለገንዘብ ሥራ ይህን ያህል የምንተጋ ሰዎች፤ ለነፍስ ሥራ ሲሆን አንድ ጊዜ የተነገረ ስብከት ይበቃል ብለን ማሰባችን የሚያስደንቅ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ከዘመዱ ርቆ የመጣ ሰው በማኅበረ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት ቤተ ሰብ እንደሚያገኝ፤ የዚህች ከተማ ምእመን ከሌላው ይልቅ ሊያስብበት ይገባዋል። ስለዚህ ነገር ከሚመሰክሩት ሰዎች ሁሉ እጅግ የሚበልጠው አናሲሞስ ነሲብ ነውና ታሪኩን እንናገራለን። ከዚህ በታች የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

አናሲሞስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ በሚባለው አገር አጠገብ ከኦሮሞ ወገን ተወለደ። እናቱና አባቱ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበትና በእናቱ እጅ አደገ። በ1869 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሲሆነው፤ በዚያ ዘመን በአገሩ ላይ ይዘዋወሩ የነበሩ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ነሲብ የሚለውን ስም ያወጡለት እነዚሁ የሸጡትና የገዙት ሰዎች ናቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ስምንት ጌቶችን እየለወጠ፤ ከምዕራብ ኢትዮጵያ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ምጽዋ ድረስ ተነዳ። በዚህ መንገድ ላይ ስንት ልጅ በረኃብና በጥም እንደ ወደቀ፣ ስንቱስ ባሕሩን ተሻግሮ ስሙ እንደ ጠፋ የሚቈጥረው የለም። እርሱን ግን በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ የፈረንሳዊ መንግሥት ቆንስል የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው። ነጻ ካወጣውም በኋላ በዚያው በምጽዋ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው።

ከባርነት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከባርነት የወጣውን ሰው ማሳደግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙንዚንገር ያደረገው በአንድ ቀን የተፈጸመ መልካም ሥራ ነበረ፤ ለሚስዮኑ የተተወለት ሥራ ግን ዓመታትን የሚፈጅ ነበረ። የስዊድን ሚስዮን የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች በ1866 ዓ.ም. ምጽዋ ሲደርሱ አሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ገብተው ወንጌልን ለመስበክ ነበረ። መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። በኩናማ አገር ጥቂት ዘመን ሠርተው፤ ብዙዎቹ በበሽታ ሞተው፣ የቀሩት ወደ ምጽዋ ተመለሱ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ሲያቅታቸው የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ ገመድ ታስረው ወደ እነርሱ መጡ። ይህንም የእግዚአብሔር ጥበብ ነው ብሎ ለማመስገን የሚወድ አለ፤ እኔም እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን የልጆቹን እንባ ሳንረሳ ሊሆን ይገባል።

ምጽዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ የተተከለው የሚስዮን ሰፈር ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። አባት እናት ለሌላቸው ልጆች ቤት ነበረ። በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ ጧትና ማታ አብረው ይጸልያሉ፤ ቀን ፊደል ይቈጥራሉ፤ የእጅ ሥራም ይሠራሉ። ነሲብ ከሚስዮናዊው ከሉንዳል ቤት ጋር እየዋለ አደገ። ንባብንና ጽሕፈትን ፈጥኖ አወቀ። ከዚህም የሚበልጥ ያወቀው ነገር፤ የሚያዝዘው ሰው ሁሉ ሊሸጠው የሚያስብ ጌታ አለመሆኑን ነው። በስምንት ሰው እጅ የተሸጠ ልጅ ይህን በቃል ቢነግሩት አያምንም፤ ቀን በቀን ሲያየው ግን ያምናል። ማኅበረ ክርስቲያን ለደቀ መዝሙር የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ ሊታመኑ የሚችሉ ሰዎች መኖራቸውን ማሳየት።

በ1872 ዓ.ም. መጋቢት በሚባለው የአውሮጳውያን ሦስተኛ ወር በ31 ቀን፤ በምዕራባውያን የትንሣኤ በዓል ዕለት ነሲብ ተጠመቀ። የጥምቀት ስሙም አናሲሞስ ተባለ። ይህን ስም የመረጡለት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ከጌታው ከፊልሞና የኰበለለ አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ወደ እርሱ ቢመጣ፤ ሐዋርያው አስተምሮ በእስራቱ የወለደው ልጁ አደረገው፤ ለፊልሞናም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ጻፈለት። ያ መልእክት ስለ ደቀ መዝሙርነት ብዙ ነገር ይናገራል። ጳውሎስ አናሲሞስን አሳምኖ ዝም ብሎ አልሰደደውም፤ ከአንድ ማኅበር ጋር አገናኘው፤ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ አለ። የምጽዋው ልጅም ከዚያ ቀን ወዲህ ወላጆቹ ባወጡለት ስም ሳይሆን ነጋዴዎቹ ባወጡለትና ቤተ ክርስቲያን በሰጠችው በሁለቱ ስም ተጠራ። የባርነት ስሙን አልጣለውም።

ትጋቱን ያዩ መምህሮቹ በ1876 ዓ.ም. ወደ ስዊድን ላኩት። በስቶክሆልም በሚገኘው ዮሐንስሉንድ በሚባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። የበረዶውን አገር፣ የቋንቋውን ችግር፣ የብቸኝነቱንም ነገር አንባቢ በልቡ ይመልከተው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዕድል ሲያገኝ በዚያው ይቀራል፤ ወይም ሲመለስ ወገኑን የሚንቅ ሆኖ ይመለሳል። አናሲሞስ ግን በ1881 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የተማረውንም ሁሉ ለአንድ ነገር ለየው፤ ይኸውም ከእናቱ ጉያ ወደ ተነጠቀበት ሕዝብ ወንጌልን ለማድረስ ነው። ወዲያውም በእምኩሉ የተማረችውን ምሕረት ኃይሉን አገባ።

በዚያው ዓመት ከስዊድናውያን ጋር ሆኖ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ተነሣ። በሐበሻ በኩል የሚያልፈው መንገድ ለሚስዮን የተከለከለ ስለ ሆነ በሱዳን በካርቱም በኩል ዞሩ። ዓባይን ተከትለው እስከ ጠረፉ እስከ ፋማካ ድረስ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማለፍ አልተቻለም። በንዳድ እየታመሙ፣ ከመካከላቸውም የሞቱትን እየቀበሩ በ1882 ዓ.ም. ወደ ኋላ ተመለሱ። በሱዳን የማሕዲ ጦርነት የተነሣበት ጊዜ ነበረና ያ መንገድ ፈጽሞ ተዘጋ። ሁለተኛ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ በ1886 ዓ.ም. እንጦጦ ድረስ ደረሱ፤ ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ ሚስዮናውያንን የከለከሉበት ዘመን ነበረና ወደ ፊት ለመሄድ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። አናሲሞስ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ምጽዋ ወረደ።

ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ምን ያስባል? እግዚአብሔር አልጠራኝም ብሎ ሥራውን ሊተው ይችል ነበረ። ደግሞ ማንም ነቀፌታ አያገኝበትም ነበረ። አናሲሞስ ግን እግሩ መሄድ ቢያቅተው ቃሉ ይሄድ ዘንድ መጽሐፍን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ለመተርጐም ተቀመጠ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ያወጡለት ስም አሁን ሥራው ሆነ። ከመጀመሪያው ጕዞ ከተመለሰ ጀምሮ የመዝሙር መጽሐፍን፣ የሉተርን ትንሽ የሃይማኖት ትምህርትና ሌሎችንም ለትምህርት የሚሆኑ መጻሕፍት ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መለሰ። ከዚያም አዲስ ኪዳንን ያዘ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ችግር ገጠመው፤ ይህም ችግር ለነገራችን ዋና ነውና ጥቂት እንቈይበት። አናሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በዐረቦች፣ በትግሬዎች፣ በስዊድኖች መካከል ኖረ። የእናቱን ቋንቋ አልረሳም፤ ነገር ግን የሽማግሌዎችን ንግግር፣ የተረቱን፣ የምሳሌውን፣ የሠርጉንና የልቅሶውን ቃል በሙሉ ለመማር ዕድሜው አልደረሰም ነበረ። ቅዱስ መጽሐፍ ደግሞ በልጅ ቋንቋ አይተረጐምም። ዮሐንስሉንድ ያስተማረው ሁሉ ለዚህ አልበቃም።

እንጦጦ ደርሶ በተመለሰበት በዚያው በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ ወደ ዐረብ አገር ለመሸጥ ይወሰዱ የነበሩ ባሮችን በባሕር ላይ ይዞ ነጻ አወጣ። ከእነርሱም መካከል ወደ እምኩሉ የመጣች አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። በዚያ ትምህርት ቤት ገብታ ስትማር ለቋንቋ የተለየ ስጦታ እንዳላት መምህሮችዋ አስተዋሉ። የአገርዋ ንግግር ገና በአፍዋ ትኩስ ነበረ። ስለዚህ የኦሮሞን ቃላት እንድትሰበስብ ሥራ ተሰጣት፤ እርስዋም 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ ለመዝገበ ቃላት የሚሆን አዘጋጀች። ከቃልም የሰማችውን ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቈቅልሽ 500 ያህል ጻፈች። ከዚህም የተመረጠው በ1894 ዓ.ም. ለተማሪዎች ንባብ በታተመው የኦሮሞ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። አናሲሞስ በአውሮጳ የተማረ፣ በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጥ መምህር ነበረ፤ አስቴር ደግሞ ከባርነት ትናንት የወጣች ተማሪ ነበረች። በዚያ ዘመን ቀርቶ ዛሬም መምህር ከተማሪው፣ ያውም ወንድ ከሴት ልጅ መማርን እንደ ውርደት የሚቈጥር ብዙ ነው። እርሱ ግን የእርስዋን ዕውቀት መሠረት አድርጎ ሠራ። ሌሎችም ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆች፤ ከእነርሱም መካከል ሊድያ ዲምቦና እስጢፋኖስ ቦናያ፤ በቋንቋው ሥራ ያግዙ ነበር። ምሕረት ቀድማው ከሞተች በኋላ ሊድያ የአናሲሞስ ሚስት ሆነች። ስለዚህ የኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም፤ አንድ ቤት ሙሉ ሰው፣ ሁሉም የተሸጡና የተዋጁ፤ አብረው ጸልየው፣ አብረው ተከራክረው፣ አንዱ የሌላውን ቃል አርሞ የሠሩት ነው። በስሙ መጠራቱ የሚገባ ቢሆንም የአስቴር ስም ከስሙ ተለይቶ ሊነሣ አይገባም። በብዙ ሰው ዘንድ ረጅም ዘመን ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝናል።

በ1893 ዓ.ም. አዲስ ኪዳን በእምኩሉ በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት ታተመ። በ1897 ዓ.ም. የብሉይ ኪዳን ትርጕም ተፈጸመ። ለኅትመቱም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ወደ ሚገኘው ወደ ቅድስት ክሪሾና አናሲሞስ ራሱ ተሻግሮ፤ እያንዳንዱን ገጽ እያነበበ፣ የተሳሳተውን ፊደል እያቀና ሥራውን አስፈጸመ። በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ወጣ። የኅትመት ሥራ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል የዓይንና የትዕግሥት ሥራ እንደ ሆነ ያውቃል። የአገሩን ቋንቋ ለማያውቁ አታሚዎች በባዕድ ፊደል የሚለቀመውን ገጽ ሁሉ ማረም ለብቻው የሚበቃ መከራ ነው።

መጽሐፉ ተዘጋጀ፤ አገሩ ግን ገና ሩቅ ነበረ። መንገዱን የከፈቱለት ደግሞ ሌሎች ደቀ መዛሙርት ናቸው። በሐማሴን በጸዓዘጋ ካህናት ቅዱስ መጽሐፍን አብረው እያነበቡ የተነሣሡበት ማኅበር ነበረ። ከዚያ አገር የወጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በ1898 ዓ.ም. ወለጋ ገብቶ በቦጂ ተቀመጠ፤ ሕዝቡንም ያስተምር ጀመረ። ሐማሴናዊ ለኦሮሞ ሕዝብ ብሎ አገሩን መተዉ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነው። በ1905 ዓ.ም. በዚያው በቦጂ በእሳት ቃጠሎ ሞተ።

አናሲሞስ ከነቤተ ሰቡና ከነባልንጀሮቹ፤ አስቴርም ጭምር፤ በ1904 ዓ.ም. ወለጋ ደረሰ። ከተነጠቀበት ዓመት ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎ ነበረ። በባሪያ ገመድ በወጣበት በምዕራቡ አገር መጽሐፍ ይዞ ገባ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፤ በፊተኛው ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፤ በታላቅ ክብር ተቀበሉት። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚሰብክ፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ የያዘ መምህር ሲያይ ወደ እርሱ ይሰበሰብ ጀመረ።

ይህም ደስታ ብዙ አልቈየም። በአገሩ የነበሩ ካህናት ትምህርቱ ከሃይማኖታቸው የተለየ ሆኖ ቢያገኙት፤ ይልቁንም እርሱ የሚናገርበት ቋንቋ ብዙዎቹ የማያውቁት ቢሆን ተቃወሙት። እመቤታችንን ሰድቧል ተብሎ ተከሰሰና በ1906 ዓ.ም. በግንቦት ወር አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አቡኑም እንዲጋዝ ፈረዱበት። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፤ ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ዳግመኛ ግን አይስበክ ብለው ወሰኑ። ከዚህ በኋላ ስለ ከሳሾቹ ክፉ ቃል መጻፍ ለእኛ አይጠቅምም፤ እነርሱም ስለ አባቶቻቸው ሃይማኖት የቀኑ ሰዎች ነበሩ። የሚጠቅመን አናሲሞስ በዚህ ፍርድ ሥር እንዴት እንደ ኖረ ማየት ነው።

እስከ አሁን ከተናገርነው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ዘመን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሥራ የተዘጋጀ ሰው፤ አገሩ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ አፉ ተያዘ። ሊያምፅ ይችል ነበረ፤ በስውር ሊሰብክም ይችል ነበረ፤ ወይም ወደ ምጽዋ ተመልሶ በክብር ሊኖር ይችል ነበረ። ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። በነቀምቴ ተቀምጦ በትምህርት ቤቱ ልጆችን ማስተማር ያዘ። ቢያሳብቡበት ከአገር የሚያስወጣው ፍርድ በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፤ ፊደል ማስቈጠር፣ ማስነበብ፣ ማስጻፍ ሥራው ሆነ። ይህም ዐሥር ዓመት ያህል ቈየ።

ስብከት የተከለከለ መምህር ምን ይቀረዋል? ኑሮው ይቀረዋል። ልጆቹ ከእርሱ ጋር ይውላሉ፤ ሲቈጣ ያዩታል፤ ሲታገሥ ያዩታል፤ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ለጠላቱ እንዴት እንደሚመልስ ያያሉ። ንባብ የተማረ ልጅ ደግሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ መጽሐፉን ማንበቡ አይቀርም፤ ያነበበውንም ለእናቱ ይነግራታል። አስቴርና ሌሎቹ ሴቶችም ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ ሰባኪ ሞልቶአቸው፣ ድምፅ ማጉያ ሞልቶአቸው፤ አንድን ወጣት ግን ዐሥር ዓመት ታግሦ የሚያሳድግ ሰው አጥተው ይቸገራሉ። በአንድ ሰሞን የተሰበሰበ ሕዝብ በአንድ ሰሞን ሲበተን አይተን እንደነቃለን። አናሲሞስ ቢፈቀድለት ኖሮ በእነዚያ ዓመታት ወዲያና ወዲህ እየዞረ በሰበከ ነበር፤ ያም መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሲከለከል በአንድ ቤት ከጥቂት ልጆች ጋር መቀመጥ ግድ ሆነበት።

በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ለአናሲሞስ የመስበክ ፈቃድ ሰጡት። ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሆኖት ነበረ። በዚያው ዓመት የልጅ ኢያሱ መንግሥት ቢወድቅም ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አምስት ዓመት በግልጥ ሰበከ። ያስተማራቸው ልጆች አድገው፣ መጽሐፍ አውቀው፤ በየቀበሌያቸው ለጎረቤታቸው የሚያነቡ ሆነው ነበርና ስብከቱ ባልታረሰ መሬት ላይ አልወደቀም። እዚህም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አናሲሞስ ደቀ መዛሙርቱን የስዊድን ሰው አላደረጋቸውም። በኦሮሞ ቋንቋ ዘመሩ፤ በኦሮሞ ቋንቋ ጸለዩ፤ አስቴር የሰበሰበችውን የአያቶቻቸውን ተረትና ምሳሌ በትምህርት ቤት አነበቡ። ደቀ መዝሙር ማለት የመምህሩን ልብስ የለበሰ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አናሲሞስ ነሲብ በ1931 ዓ.ም. በአውሮጳ ሰኔ 21 ቀን፤ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፤ እሑድ ቀን በነቀምቴ ዐረፈ። ዕድሜው ሰባ አምስት ዓመት ያህል ነበረ።

የመምህር ሥራ የሚመዘነው እርሱ ከሄደ በኋላ ነውና፤ ከሞተ በኋላ የሆነውን ጥቂት እንናገር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ ከሌላ አገር የመጡ ሚስዮናውያንም አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ተደረጉ። በዚያን ጊዜ መምህሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ የሆነ ማኅበር ሁሉ ሊበተን በተገባው ነበረ። በወለጋ ግን ማኅበሩ አልተበተነም። መጽሐፉ በገዛ ቋንቋው ነበረ፤ የሚያነብቡትም የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ የሚመክሩትና የሚቀብሩትም የአገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጠላት ከወጣ በኋላ ያ ማኅበር በዝቶ ተገኘ። በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት፤ በቦጂና በነቀምቴ የተጀመሩት ማኅበሮች ከመሠረትዋ ድንጋዮች መካከል ነበሩ።

አስቴር ጋኖ ከመምህርዋ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረች። በነቀምቴ ማስተማርዋን ሳትተው አርጅታ፤ ያስተማረቻቸው ልጆች የልጅ ልጅ አይተው ሳሉ በ1964 ዓ.ም. ሞተች።